ከለገሀር እስከ ጋላፊ

እኛ ቤት ሳምንቱ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤
ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ።
የተረፈው በመርፌና በመርፌ መሀል
በስስት የምንኖረው ሽርፍራፊ ዕድሜ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከጎላ ሚካኤል ጀርባ፣
ኮብልስቶኑን ስንወርድ፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ፣
"ቀስ በል" እለዋለሁ።
"ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረድ፣ አንቺ አታስተምሪኝ"
ይላል፤ እየተቆጣ ይደገፈኛል።

በልሁ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነበር፣ ከነተሳቢው፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጅቡቲ፣ ደርሶ መልስ።
አሁን እሱ ተኝቶ ደሙ ነው የሚጓዘው፤
በላስቲክ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ታጥቦ፣
አራት ሰዓት ሙሉ፣ ወደ ክንዱ እስኪመለስ።

ውሃው በስኒ ነው። ሰፋሪዋ እኔ ነኝ።
"ገዋኔ ላይ" ይላል ስኒውን እያየ፣
"ሙቀቱ አስፋልት ሲያቀልጥ፣ መንገድ ዳር ለቆሙት ልጆች
ሃያ ሊትር ጀሪካን አውርጄ ነበር የማልፈው።"
እሰማለሁ። ግን እስከ ጠርዙ አልሞላም።
አንዳንድ ቀን እንደ ኬላ ፈታሽ ያየኛል፤
አንዳንድ ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣
እኔም ራሴን እንደዚያ አያለሁ።

ሌሊት ግን ጆሮዬን ግራ ክንዱ ላይ አኖራለሁ።
ሐኪም የቀጠለው ደም ስር ውስጥ አንድ ነገር ያጉረመርማል፣
ጭነት የምትጠብቅ መኪና ሚኒሞ ላይ እንደቆመች።
"ድምፁ ከጠፋ በሌሊትም ቢሆን ኑ" ብላናለች ሲስተር ጦይባ።
እኔም እንቅልፌን እዚያ ድምፅ ላይ አሰርኩት፤
እሱ ሲሠራ እተኛለሁ።

በጥር፣ ረዳቱ የነበረው ሁመድ
ልጁን ሊድር ከሚሌ ደወለ።
ሕሊና፣ አሥር ዓመቷ፣ በመድኃኒት ደረሰኝ ጀርባ ሒሳብ ሠራች፤
"ሐሙስ ከማሽኑ እንደወረድክ ብንነሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት..."
ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።
ኪሎ ሜትሩን ለእሱ ማንም አይነግረውም።
"ሒሳብሽስ ልክ ነው" አላት፤ "የጎደለው እኔ ጋ ነው።"

ዓርብ ጠዋት ግን ተላጭቶ፣
የድሮ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በር ላይ ጠበቀን።
ለገሀር ሦስት ትኬት ቆረጥን፤
ቀላል ባቡር፣ ወደ ቃሊቲ።
"ሕሊና፣ ረዳት አንቺ ነሽ። በሩ ተዘግቷል?"
"ተዘግቷል!"
ስታዲየም ስንደርስ "ሞጆ!" ብሎ ተጣራ።
መሿለኪያ አዳማ ሆነች።
ሪቼ ላይ "መተሐራ! ግመል ያቋርጣል፣ ፍሬን!" ሲል
አንዲት ሴት ዘንቢሏን አጥብቃ ያዘች።
"ጤነኛ ናቸው?" አለኝ አጠገቤ የቆመ ወጣት በሹክሹክታ።
"አይደለም" አለች ልጄ ጮክ ብላ፣ "ሹፌር ነው።"

ጠመንጃ ያዥ ላይ አዋሽን ተሻገርን።
ላንቻ ገዋኔ ነበረች። ዝም አለ።
ኮዳውን ጠየቀኝ፤ የቀኑ የመጨረሻ ውሃ፣ ሁለት ጉንጭ።
ክዳኑ ላይ ቀድቶ ለሕሊና ሰጣት።
"መንገድ ዳር የቆመ ልጅ አይታለፍም።"
እሷ እኔን አየች። እኔ መስኮቱን አየሁ፤
ያን ቀን አልሰፈርኩም።

ቃሊቲ ጋላፊ ሆነ። "ጉምሩክ ነው፣ እዚህ ይታደራል" አለ።
"ነገ ቅዳሜ ነው" አልኩት።
"እንግዲያው ባዶ እንመለሳለን።"

ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኛ፣
መንገድ ላይ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው።
መዳፌን በሹራቡ ውስጥ ክንዱ ላይ አድርጌ
ሞተሩን አዳመጥኩት።
ለገሀር ስንደርስ ሕሊና ተጣራች፤ እኔ አልቀሰቀስኩትም።
ሜክሲኮ ወርደን በእግር ተመለስን፣
"ቤቱን ያለፈ ሹፌር አሰኘሽኝ" እያለ፣
እስከ በራችን ድረስ እየተቆጣኝ።