ገልጃጃ

ቃሉ ራሱ ተንገዳጋጅ ነው፤ ቀስ ብለህ ስትጠራው ይሰማል፣
«ገል» ብሎ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው ሚዛን ይስታል፣
በሁለት «ጃ» ተደናቅፎ ከአፍህ ደጅ ላይ ይወድቃል።

«ገልቱ» ለባልትና ነው፣ ወጥ ላረረባት ሴት፤
«ደንባራ» ለበቅሎ ነው፣ ጥላዋን የፈራች ለት፤
«ገልጃጃ» ግን ለቁመት ነው፣ እጅ እግሩ ቀድሞ ለሮጠበት፣
ገላው እንደ ታላቅ ወንድም ካፖርት ለሰፋበት።

ደሴ፣ ሆጤ ነው ቤታችን፤ የጦሳ ጉም ጣሪያ ለጣሪያ ሲሳብ፣
አናጢው አባቴ አሊጋዝ፣ በወራጁ ላይ ይሄዳል ሳያስብ፣
ምስማር ነክሶ፣ እንደ ድመት።
እኔ ከታች ነኝ፣ አሥራ አራት ዓመት፣
ክንዴ ከእጅጌዬ አምልጦ የወጣ፣
«ባለ ስድስቱን!» ሲለኝ ባለ ስምንቱን ይዤ የምመጣ።
አንድ ቀን ቆርቆሮ ከትከሻዬ አፈትልኮ
ቁልቁለቱን ወረደው፣ የሰፈሩን ውሻ በሙሉ አስጩኾ።
ከጣሪያው ላይ ያ ቃል መጣ፦ «አንተ ገልጃጃ!»
በእትዬ ዘሙ አፍ እስከ ሸዋ በር ደረሰ፤ ቆርቆሮው ሆነ ማስረጃ።

እናቴ ብቻ ቃሉን አለዝባ «የኔ ገልጃጃ፣ አብሽር» ትለኛለች፣
የሰበርኩትን ሸክላ፣ ገሉን ለቅማ፣ በቀሚሷ ጫፍ ትደብቃለች።

ዘንድሮ አባቴን ግማሽ ጎኑን በሽታ መታው።
ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል፣
አንድ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል።
ትላንት ዝናብ ነበር። ያ እሱ የመታው ጣሪያ ጥግ ላይ ያፈስ ነበር።
በግራው ወጭቱን ሊያነሳ ሞከረ።
ወደቀ፣ ተሰበረ፣
ሽሮው እግሩ ሥር ፈሰሰ።
ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀ።

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፣ ከነሁለት «ጃ»ው፣
ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እንደ ሰው በወራጅ ላይ።
ምስማር የጣልኩ፣ ብርጭቆ፣ መሰላል፣
አንዴም የጎረቤት ሕፃን ልጥል ለጥቂት የተረፍኩ እኔ፣
እሱን አልጣልኩትም።

ስብርባሪውን ልለቅም ስንበረከክ
ግንባሬ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተላተመ፣
አውራ ጣቴን ሸክላው ቆረጠኝ።
አባቴ ደሜን አየ። ከንፈሩ በአንድ ወገን ተነሳ።
«ገል…» አለ።
«ገል…»
የቀረውን ምላሱ አልቻለችውም።

ሊሰድበኝ ይሁን፣
ወንበሩ ሥር የቀረውን ሸክላ ሊያሳየኝ፣
አልጠየቅሁም።
«አዎ አባ» አልኩት፣ «እየለቀምኩት ነው።»