የማንም ያልሆነ ጠረጴዛ

ሐሙስ ማታ ገባን፣ መፍቻችንን ይዘን፣
ሄርጽሊያ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ባሕሩ ከመስታወት ማዶ ጠቁሮ፤
ትእዛዙ አንድ ነው፦ ክፍልፋዩን ሁሉ ማውረድ፣
እስከ እሑድ ጠዋት ይጠፋል የሰው ሁሉ ጓሮ።

ንድፍ አውጪዋ ዞሃር፣ ጥቅል ወረቀት በብብቷ፣
"ሰው ከሰው ይተያይ" አለች፣ "ግርዶሹ ይውረድ፤
ከእንግዲህ ወንበር ርስት አይደለም፣
ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ።"
እኔም በሆዴ፦ ወንበርስ መቼ ርስት ሆኖ ያውቃል?
ስንቱ ከላዩ ሲነሣ አይቻለሁ፣ ወንበሩ ግን ይስቃል።

ብሎኑን ስፈታ፣ ከጨርቁ ጀርባ ምን ያልተገኘ አለ!
የደረቀ ማስቲካ፣ ያለፈ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣
በእርሳስ የተደመረ፣ ያልሞላ የቤት ብድር፣
"ታጋሽ ሁኚ" የሚል ወረቀት፣ በዕብራይስጥ፣ አራት ጊዜ ታጥፎ።
ስጦታው "ጣለው" አለኝ።
ኪሴ ከተትሁት።

በክፍልፋዩ ምትክ የመጣው ደግሞ፦
ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ፣ ውሃ የማይጠጣ አበባ፣
አራት የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚገባ።
ድምፅ አያስወጣም፤ ስልክ ለማውራት ነው አሉ።
ለማልቀስም እንደሚሆን ማንም አልተናገረ።
ግርዶሽ አፍርሰን፣ ግርዶሽ በውድ ገዛን።

ከአሳንሰሩ አጠገብ አንድ ግንብ ቀረ፣
ወፍራም፣ ባለ ብረት በር፣ ቀለሙ የተላጠ።
"ይህስ?" አልኋት።
"መጠለያው ነው፤ ሕጉ አያስነካም።"
ወረቀቷ ላይ ግራጫ ቀብታ አልፋዋለች።

ቅዳሜ ሌሊት ሳይረኑ ጮኸ።
ዞሃር፣ ዘበኛው አናቶሊ፣ ስጦታውና እኔ፣
ዕቃውን ሊሰበስብ የመጣው የሒሳብ ሹም ሳይቀር፣
ባዶ ወለል ላይ ተቀመጥን፣ ጉልበት ለጉልበት።
ወንበር የለ፣ ሹም የለ፤ ቀድሞ የመጣ ጥግ ያዘ።
ሹሙ ከስጦታው ኮዳ ተቀብሎ ጠጣ፣
አፉን ሳይጠርግለት።
ዞሃርም ያን ግራጫ ግንብ
በመዳፏ፣ ቀስ ብላ፣ ዳሰሰችው።
ከዚያ ወጣን። ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም፤ ሥራ ነበረን።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣
በመጨረሻው ጠረጴዛ ሥር በጀርባዬ ተንጋለልሁ።
ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይቀመጥበታል፤
የማንም አይደለም ተብሏልና
ጎንበስ ብሎ የሚያየው የለም።
የቀረችውን ብሎን አጠበቅሁና
በእርሳሴ፣ በፊደላችን፣
ስሜን ብቻ ጻፍሁ፦

ይርጋ።