ቋጣሪዋ

የተበጠሰ ድር መቋጠር ነው ሥራዋ፤
የዝና አላምረው፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ሰባት ቁጥር ማሽን ቦታዋ።
እዚያ ጆሮ አይሠራም፤ ብረቱ ሲያጓራ
በጣት ነው፣ በከንፈር፣ ሰው ከሰው ’ሚያወራ።

መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ጣት አሳየች፤
ከፋሲካ ወዲህ እጇ አልበቃ ብሏት፣ የኔን ጣት ተዋሰች።
የማኅበሩ ሉክ፣ ቀሰም ላይ ተጠቅሎ፣
ከማሽን ወደ ማሽን ተሻገረ፣ ክር መስሎ።
ደረበ ፈራና ፈርሞ ሰረዘ፤
በነጋታው መጥቶ እስክሪብቶ ያዘ።

«ድር ቢያብር» ይሉናል፤
እኛ ድር ሠሪዎች ጠንቅቀን እናውቃለን፦ ድር በራሱ መች ያብራል?
ጣት ይፈልጋል እንጂ፣ ምራቅ የነካው ጣት፣
ቋጠሮ ሲፈታ እንደገና ’ሚቋጥር፣ ሳይሰለች፣ ሳይታክት።

ሐሙስ ንጋት ነበር፤ ጣና ጭጋግ ለብሶ።
ማሽን በየተራው ዝም አለ፣ ጩኸቱን ጨርሶ።
የጥጡ ብናኝ ረጋ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ።
የዝናም ተናገረች፤ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሳላችን፣ ስለ ሌሊቱ ጨለማ።

ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ቆሜ፣ ድምፅዋን ያን ቀን ነው የሰማሁት።
ቀጭን ነው፣ እንደ ክር፤ መሃል ላይ ተበጠሰባት።
ከኋላ አንዷ ቀጠለች፤
ከዚያ ከአጥሩ ማዶ፣ ከደንገሉ በኩል፣
የማላውቀው ሰው ድምፅ ቀጠለላት።