የደመና ኪራይ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ ከተበላሸ ሆኖት ከዓመት በላይ፣
እኔና መክብብ ነን፣ አንድ ጠረጴዛ፣
ትናንት ማታ የተረፈ ግማሽ ቀዝቃዛ ፒዛ።
ቤት እንደሚፈልግ አዲስ ሙሽራ
ደመና ስናማርጥ፣ በተራ በተራ፤
ደላላ ባይኖርም ጥያቄው ያው ነው፦
መብራት አለው? ጥበቃስ? ቀብዱ የስንት ወር ነው?

ስሙን ያወጣው ሰው ክረምት አያውቅም መሰል።
የኛ ደመናማ ከእንጦጦ ይነሣል፣
ቸርችልን ቁልቁል በጎርፍ እየጠረገ
መብራት ይዞ ይሄዳል፣ ደስ እንዳለው፣ እንደፈለገ።

የሠራነው ነገር ያን ያህል ብዙ አይደለም፤
«የት አለ?» ነው ስሙ፣ ሌላ ምሥጢር የለም።
ከጥቁር አንበሳ በር ማዘዣ የያዘ፣
ከፋርማሲ ፋርማሲ እግሩ የደነዘዘ፣
የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ሲጽፈው
ደጅ ለደጅ ከመልፋት ቶሎ እንዲያሳርፈው።

አንደኛው ደመና ባዶ ቤት ነው፤
ቁልፉን ሰጥቶህ ይሄዳል።
ጣራው ቢያፈስ ያንተ፣ በሩ ቢሰበር ያንተ፣
ሌባ ቢገባ ያንተ።
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲወድቅ ማን ይነሣል?» አልኩት።
መክብብ ጣቱን ቀሰረ፦ «አንተ።»

ሁለተኛው ፔንሲዮን ነው። አምፖል ይተካልሃል፣
ኮድህን በር ላይ ጣል፣ እሱ ያስገባልሃል፤
እንግዳ ሲበዛብህ አልጋ ያክልልሃል።
ብቻ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው፤
ሒሳቡ በዶላር ነው፤
የኛ ካርድ ደግሞ ዶላር ሲጠሩበት
አንገቱን የሚደፋ ዓይናፋር ነው።

ሦስተኛው ፍልውሃ አጠገብ፣ የእንዳላማው ምድር ቤት ሰርቨር፤
ብር ይቀበላል፣ ሲደውሉ ያነሣል፣
ጄኔሬተሩ ግን ናፍጣ ሲያጥረው መነሣት ይረሳል።

አራተኛው ነፃ ነው። ነፃ ስለሆነም
ጠሪ ሲጠፋ ይተኛል፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤
ሲያንኳኩበት ይነቃል፣ ዓይኑን እያሸ፣
«ማን ነው?» እስኪል ድረስ ቀኑ እየመሸ።

መክብብ ሠንጠረዥ ሠርቶ ዋጋውን፣ ርቀቱን ለካ።
ከፎቃችን እስከ ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ፤
ጥያቄው ግን ፍራንክፈርት ደርሶ ነው የሚመለስ፣
ቪዛ ሳይጠየቅ፣ ሻንጣው ሳይፈተሽ።
ነፃውን መረጥን። ኪሳችን ነው የመረጠው።

ሐምሌ ነበር። ዘነበች ከሆለታ መጣች፣
የወንድሟን ማዘዣ በፌስታል ጠቅልላ፤
በሩ ላይ፣ ያለ ጃንጥላ፣
ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈች።
ክቧ ዞረች። ዞረች።
ደመናው ተኝቷል፤
ዘነበች ቆማለች።
አርባ ሰከንድ ጠብቃ፣ ስልኩን ከነጠላዋ ሥር ወሽቃ
በእግሯ ወደ ሜክሲኮ አቀናች።
መድኃኒቱ ከመንገዱ ማዶ ነበር፣ ሁለት መቶ እርምጃ።
ደመናው በሃምሳኛው ሰከንድ ነቅቶ
«እዚህ አለ» አለ፣
ለማንም።

በማግስቱ ከገጹ ግርጌ ባለው ቁጥር ደወለች፦
«ልጆቼ፣ ደግ ነገር ነው የሠራችሁት፤ ብቻ... አይቸኩልም።»
ብትሰድበን ይሻል ነበር።

መክብብ ሠንጠረዡን መልሶ ከፈተ፣
ከዋጋው ጎን አንድ አዲስ ዓምድ ጎተተ፣
ርእሱን ጻፈ፦ «ዝናብ ላይ ስንት ሰከንድ ያቆማል?»

ፔንሲዮኑን ያዝን፣ ትንሿን ክፍል፣ የማትተኛዋን።
ለዶላሩ የመክብብ እህት የጉዞ ወኪል ካርዷን አዋሰችን፤
«ለሁለት ወር ብቻ» ብላ።
ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ዛሬ ማታ ደግሞ ከእንጦጦ ጠቁሮ መጣ፤
ከፖስታ ቤት እስከ ለገሃር መብራት ጠፋ።
በጨለማው ስልኬ ላይ አንድ መስመር ወጣ፦
ጥያቄ፣ ከጥቁር አንበሳ በር። መልስ፣ በአንድ ሰከንድ።
ማን እንደሆነ አይጻፍም።
ደረጃውን በስልክ ብርሃን፣
እየቆጠርን ወረድን።