የስፌቴ ልክ

ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣
ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነኝ፤ ይኸው ነው የኔ ገደብ።
ወስፌ አለኝ፣ ሰም አለኝ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የፈታሁት ክር፣
ከሲኖትራክ የወለቀ ከመነዳሪ፣ ቢለጥጡት የማይማረር።
ሃያ ዓመት ጫማ ሰፋሁ፤ ጋሪ ሲበዛ ጠፍር ጨመርሁ፣
የኮምቦልቻን ፈረስ ደረት በየተራ በጎማ አሰርሁ።
«የሙሄ እጅ አይበጠስም» ይሉኛል ጋሪ ነጂዎች፤
ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔም ሰው ነኝ፣ አሉኝ ጆሮዎች።

ሐሙስ ማታ ጦይብ መጣ፣ ቦራን በልጓሙ ይዞ፣
ጋሪው ባዶ፣ ፊቱ ላብ፣ እጁ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምዝዞ።
«ነገ እንግዶች አሉ» አለኝ፣ «ከአውሮፕላን የሚወርዱ፣
ወደ ሐይቅ ሳያልፉ በፊት ከተማ መዞር የወደዱ፤
ፎቶ ነው የሚፈልጉት፤ ጋሪው ካማረ ይከፍላሉ።
ዘርፍ ስፋልኝ፣ ሰፋ አርገህ፣ እዚች ላይ የሚውል፤»
አለና ጠፍሩን በጣቱ ገለጠው።

ሜትሬን ዘረጋሁ፣ እንደ ልማዴ፣ ዘርፉን ልለካ፤
አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። ቁስል ነበር ለካ
የምለካው።

ዝንቦቹ ተነሡ፣ ዞረው ተመልሰው ሰፈሩ፤
ቦራ ቆዳውን አርገበገበ እንጂ አልራቀም ከበሩ።
ጠርዙ ላይ ሰባት ነጥብ፣ ተራ በተራ፣
እኩል የተራራቁ፣ እኩል የጠለቁ፣ የአንድ እጅ ሥራ።
ይህን ስፌት አውቀዋለሁ።
በዚች ከተማ ሰባት ወግቶ የሚቋጥር አንድ ሰው ነው፤
«ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይግባ» ይል ነበር አባቴ፣ «ከውጭ እንዲያምር ለሰው።»
ወደ ውስጥ።
የቦራ ደረት ነበር ውስጡ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ፤
አይናገርም ግን አላለም። ሲናገር ነው የከረመው ደረቱ።

«አሳርፈው» አልሁት። «ስንት ቀን?» «እስኪሽር፤ አሥራ አምስት።»
ጦይብ ሳቀ። ሳቁ ጥርስ እንጂ ሌላ የለበት።
«ጋሪው የሰው ነው፤ በቀን ሁለት መቶ፣ ቢሳፈርም ባይሳፈርም ሰው፤
ኮብልስቶኑን ባጃጅ ወሰደው፣ ለኛ የቀረን ኮረኮንቹ ነው።
ፉርሽካ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ልጄን ከትምህርት ላስቀራት?
የኔንስ ትከሻ ማን አየልኝ?» ሸሚዙን ገለጠ።
ጋሪው ጭቃ ሲይዝ ከፈረሱ እኩል በሚስብበት በኩል
ጠባሳ ነበር።
እርሱ ግን የኔ ስፌት አልነበረም።

ዘርፉን አልሰፋሁም። «ጠፍሩን ተወውና ጧት ና» አልሁት።
ሌሊቱን፣ አምፖሉ እየጠፋ እየበራ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታሁት፤
የወረኢሉ ባናዬን፣ አሥር ክረምት የለበስሁትን፣
በቁመቱ ቀደድሁት፤ አጥፌ ከጎማው ሥር አነጠፍሁት።
ቁስሉ በሚውልበት ላይ መስኮት ከፈትሁለት፣
ጠፍሩ እንዲዘልለው፣ ነፋስ እንዲገባለት።
ቋጠሮውን ወደ ውጭ አወጣሁ። አባቴ ቢያየኝ ያፍር ነበር፤
ሲያዩት ያስጠላል፤ ያማረው ለማይናገር።

ዓርብ ጧት ቦራ ያለ ዘርፍ ወጣ፣ ደረቱን ለፀሐይ ከፍቶ፣
ቁስሉ ሐምራዊ ሆኖ፣ ጂቪ ተቀብቶ።
ከእንግዶቹ አንዷ ካሜራዋን አነሣችና መልሳ አወረደች፤
ምን እንዳለች አልገባኝም። በእግሯ ሄደች።
ሌሎቹ ባጃጅ ጠሩ።

ማታ ጦይብ ባዶ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ፤
እናቴን ሳይቀር ጠቅሶ ሰደበኝ።
እውነቱን ነው፤ ደግ መሆን ያማረኝ በእርሱ እንጀራ ነው።
የአንዱን ቀን ኪራይ ሰጠሁት። አቅሜ አንድ ቀን ነው።

አሁን ጠፍር የሚያሰፋ ሲመጣ፣ ልኩን በክር ቋጥሮ፣
«ፈረሱን አምጣው» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይሄዳል ተማሮ፤
አንዳንዱ ያመጣዋል።
ሜትር ሳላወጣ መዳፌን ደረቱ ላይ አሳርፋለሁ፤
ከደሴ ቁልቁል የሚወርደው መኪና እስኪያልፍ፣ ጩኸቱ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤
ከዚያ ይመታል፣ ከጎማ የማይሠራው፤
እቆጥረዋለሁ፣
ሰባት ላይ እጄን አነሣለሁ።