«ብድን» አላልኩም

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ሰዓት ሳድን፥
ለካስ ለኔም ኖሯል የምቆምበት ቀን።
ሆዴ ውስጥ ያለውን ሐኪሙ ሲነግረኝ፥
«ሃምሳ ሃምሳ ነው» ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ፥
አዛናውን ጠራሁት፤ ቆሟል ከበሩ ደጅ፥
ከአብራኬ አልወጣ፥ ያሠለጠነው ይህ እጅ።
ቁልፉን ከማተቤ ጥርሴን ነክሼ ፈትቼ፥
«ኪዮስኳ ያንተ ናት፥ ብሞት» አልኩት ሰግቼ፤
ከነወረንጦዋ፥ ከነማጉያ መስተዋት፥
ከነመሳቢያዋ፥ ከነተረሳው ሰዓት።

የጎን አልጋው ሽማግሌ፥ ከጭልጋ የመጡት፥
«ምስክር ነኝ» አሉ፥ ጋቢያቸውን ገልጠው ከፊት።
ነርሷ ክኒን ስትቆጥር ሰምታም እንዳልሰማች፥
አንድ ሁለት እያለች ወደ ማዶ ሄደች።

«ብድን» ግን አላልኩም።
ሞት በር ላይ ሲያንኳኳ ይህን ማን ያስባል፥
ከመዳን ጋር ደግሞ ማን ውል ይዋዋላል?

ዳንኩ።
እንደ ሌባ ዳንኩኝ፥ ቀስ ብዬ፥ አፍሬ፥
በባጃጅ ተጭኜ፥ ስፌቴን ጠፍሬ።
በሁለተኛው ወር፥ ዝናቡ ሲያባራ፥
ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ በምርኩዝ፥ ልጎበኝ የኔን ሥፍራ።
ቆርቆሮው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፥
«አዛናው ሰዓት» ይላል ከስሜ ቦታ ገብቶ።
አየኝ። ብድግ አለ። ሳቀ። ደግሞ ደነገጠ።
እጁ ወደ ቁልፉ ሄዶ መሃል ላይ ተቋረጠ።

ራፖር ጸሐፊው ጓንጉል፥ ከፍርድ ቤቱ ጥግ፥
መነጽሩን ሰቅሎ ተረጎመልኝ ሕግ፦
«ሞትን አስቦ የሰጠ፥ ስጦታው ኑዛዜ ነው፤
ተጽፎ፥ ተነቦ፥ አራት ሰው የፈረመው።
በአፍማ ቢናዘዙ ከጥቂት ብር አያልፍም፥
ደግሞም ሰጪው ካልሞተ ተቀባይ አይወርስም።
አንተ ቆመህ ስትሄድ ምን ክርክር አለው?
መቶ ሃምሳ ብር ነው። ልጻፍልህ? ልተወው?»
ጻፈልኝ።

ምስክሬን ብጠይቅ፥ የጭልጋውን ሰውዬ፥
«ሞተዋል» አለች ነርሷ። አንገቴን ደፋሁ፥ «እኔን» ብዬ።
ሞት አልጋ ተሳስቶ የጎኔን አንሥቶ፥
ሄደ የኔን ውል ሳይፈርም፥ ክፍቱን ትቶ።

በማግሥቱ ሄድኩ፤ ክሱ ከደረት ኪሴ።
ከደንበኛው ወንበር ተቀመጥኩ እኔው ራሴ።
የእጄን ሰዓት ፈታሁ። «ትዘገያለች» አልኩት።
በወረንጦዬ ከፈታት፤ ዝም ብዬ አየሁት።
ጥፍሩ ሥር የቀረ ዘይት፥ ትንፋሹን መያዙ፥
እኔ ያስተማርኩት ነው፥ ከነአያያዙ።
ቁልፉንስ ሕጉ አለ፥ ዳኛ ያስመልሳል፤
ከጣቱ የገባውን ማን «መልስ» ብሎ ይከሳል?

ጨረሰ። ጆሮዬ ሥር አድርጎ አስደመጠኝ።
«ሒሳቡ ስንት?» ብለው፥ ቀና ሳይል መለሰልኝ፦
«ከጋሼማ አልቀበል፥ ጤና ሳሉ ዛሬ፤
ሲሞቱ ይከፍሉኛል።»
ሳቅኩኝ እስኪያመኝ ድረስ፥ ስፌቴን ጠፍሬ፤
ደረት ኪሴ ውስጥ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ።