ሐረጎ በጠረጴዛ ላይ

መኪና የለኝም፤ ጠረጴዛ አለኝ፣
ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የሚያየኝ፣
አንድ ዳሽቦርድ ከነመርፌው፣ ከነመስታወቱ፣
ከተጋጨ አይሱዙ የተፈታ፣ ሳይበጠስ አንጀቱ።
ኮምቦልቻ፣ ከጋራዡ በስተኋላ በኩል፣
ከወረደ ሞተር ጎን ተቀምጬ እኩል፣

ሞተር ነኝ እላለሁ፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዙሬን እናገራለሁ፤
ፍሬን ነኝ እላለሁ፤ በር ነኝ፣ እዘጋለሁ፣ እከፈታለሁ፤
የነዳጅ ጋን ነኝ ደግሞ፣
ሩብ ሳይደርስ «ሙሉ ነኝ» የሚል አስቀድሞ።
በፕሮግራም የተጻፈ ውሸት ነው ሁሉም፤
ዳሽቦርዱ ግን ያምነኛል፤ ከእውነቱ መኪና አይለየኝም።

ሽቦው አንድ ነው፤ ተናጋሪው ሰባ።
ደንቡን ያወጣው ሰው መቼም ሸንጎ ሳይገባ
አልቀረም። ሁለት አፍ ባንዴ ሲከፈት፣
ባለ ትልቅ ቁጥሩ ዝም ይላል፣ ለሌላው ሊተውለት፤
ሳይቀየም፣ ሳያኮርፍ፣ ቃሉን ይዞ ይጠብቃል፤
ጸጥ ሲል ከመጀመሪያው አንስቶ ይናገራል።
ቃሉ ወረዳ አባጋሮች ሲያስታርቁ ያየሁት እንዲሁ ነው፤
እዚህ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ታናሹ ነው።
ትንሿ ቁጥር የፍሬን ናት፤
ለምን እንደሆነ፣ ሐረጎን የወረደ ያውቃል።

ትናንት ሐረጎን አርባ ጊዜ ወረድኩት፣
ከወንበሬ ሳልነሳ። አሥር ቶን በቁጥር ጭኜ ከደሴ ጀመርኩት።
መሀል ላይ፣ ጠመዝማዛው ሲጠብ፣
ፍሬኑን ዝም አሰኘሁት፣ ዳሽቦርዱ ይባንን እንደሁ ልታዘብ።
አልባነነም።
አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ መብራት አልበራም።
የመጨረሻውን «ደህና ነኝ» ይዞ ተቀምጧል፣
የሞተ ሰው ደብዳቤ ደርሶት «ደህና ናቸው» ይላል።

ይማም ሾፌሩ መጣ፣ ሊያስለጥፍ ጎማ፤
ከበሩ ላይ ቆመ፣ ብቻዬን ስሳደብ ቢሰማ።
«ጦይባ፣ መኪናው የታል?»
«ይኸው።»
ሽቦውን አየው። «ይሄማ የሬዲዮ አንቴና ይመስላል።»
በርሜል ላይ ተቀመጠ። የሚወርደውን ቁጥር ትክ ብሎ አየ፤
ከጥርሱ መሀል ያለው ስንጥር እንኳ ቀጥ አለ።
«በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርጂው?»
«በአምስተኛ።»
«ገደልሽኛ!
ሐረጎ በሁለተኛ ነው። ሞተሩ ይያዘው፤
ፍሬኑን ለክፉ ቀን አኑሪው።
ከእጥፋቱ በታች ጉም አለ፤
ጉሙ ውስጥ ደግሞ አህያ አለ። ጻፊው።»

ጻፍኩ። ማርሽ፣ ሁለት።
አህያ ቁጥር የለውም፤ ድንገተኛ ፍሬን አደረግኩት።
ጉምም የለውም፤ የፊት መብራት ብዬ መዘገብኩት።

«ሽታውስ?» አለኝ ቆይቶ።
«ፍሬን ከመክዳቱ በፊት ይሸታል፣ እንደ በግ ቀንድ ተቃጥሎ።
መሐዲ ረዳቴ ነበር የሚነግረኝ፣ አፍንጫውን በመስኮት አውጥቶ።
'ቁም' ካለኝ እቆማለሁ፤ መርፌ አላይም፣ መብራት አልጠብቅም።
አንድ ቀን ብቻ ነው መሐዲ አብሮኝ ያልነበረ…»
አልጨረሰውም።
እኔም አልጠየቅኩም።
ዝርዝሩን እስከ ታች ፈለግኩ፤ ለሽታ የተሰጠ ቁጥር የለም።
አንድ ባዶ መስመር ተውኩለት።

አመሻሽ ላይ ዳሽቦርዱን አረምኩት፦
ፍሬን ለአፍታ ዝም ካለ፣ የቀደመ ቃሉን አትመን አልኩት።
አርባ አንደኛው ቁልቁለት። ሁለተኛ ማርሽ። ጉም።
የፍሬኑን አፍ ዘጋሁት።
ቀይ!
ጩኸቱ የጋራዡን ቆርቆሮ አናወጠው፤
የይማምም ቀኝ እግር፣
ፔዳል በሌለበት፣ መኪና በሌለበት፣
የሲሚንቶውን ወለል ረገጠው።

አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።
«አለፈ» ብዬ ጻፍኩ።